ማጽዳት፣ መሰረዝ፣ መደምሰስ፦ ለኮምፒዩተር መንከባከቢያ ፕሮግራሞች የሚሆኑ ስያሜዎች አመራረጥ

መግቢያ

የሙያ ቃላትን በአማርኛ ለመሰየም የሚደረገው ጥረት ዘወትር የሚያተኩረው በስሞች ላይ ነው። የመሣሪያው ወይም የክፍሉ ስም ምን ይባል የሚለው ጥያቄ ብዙ ሲያነጋግር፣ መሣሪያው የሚፈጽመውን ድርጊት የሚገልጸው ግስ ግን ከዕለት ንግግር እንደ ነገሩ ተመርጦ ይታለፋል። ይህ ልማድ በአብዛኛው መስክ ብዙ ጉዳት ላያስከትል ይችላል። አንባቢው በማያ ገጽ ላይ የተጻፈ አንድ ግስ አይቶ በጣቱ በመንካት ብቻ የማይመለስ ድርጊት በሚፈጽምበት መስክ ግን የግሱ ምርጫ ከስሙ ምርጫ ይልቃል።

የግል ኮምፒዩተርን ለመንከባከብና የቀነሰ ፍጥነቱን ለመመለስ የተዘጋጁት ፕሮግራሞች የዚህ ዓይነቱ መስክ ዋና ምሳሌ ናቸው። በገጻቸው ላይ የሚነበቡት ቃላት አብዛኞቹ ግሶች ናቸው፤ «አጽዳ»፣ «ሰርዝ»፣ «አስወግድ»፣ «ጠግን»፣ «አፍጥን» የሚሉ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ተብሎ በሚታወቀው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ ከገባ ወዲህ የኮምፒዩተርና የእጅ ስልክ ገጾችን በአማርኛ ማቅረብ እየቀለለ ስለመጣ፣ እነዚህ ግሶች ከተርጓሚው ጠረጴዛ ወጥተው ከብዙ ሰው እጅ ደርሰዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚህ መስክ የሚያስፈልጉትን ዋና ዋና ቃላት መርምሮ ለውይይት የሚሆን ሐሳብ ማቅረብ ነው። የምንከተለው መመሪያም አንድ ነው፤ ይኸውም ስያሜው ፕሮግራሙ የሚፈጽመውን ድርጊት ይግለጥ እንጂ ሻጩ የሚሰጠውን ተስፋ አይግለጥ የሚል ነው።

1. የፕሮግራሞቹ አመጣጥ

የአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ የግል ኮምፒዩተር ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1981 ነበር። በተከታዩ ዓመት ፒተር ኖርተን የተባለ አሜሪካዊ የፕሮግራም ባለሙያ በስሙ የሚጠሩትን የኖርተን መገልገያዎች አወጣ። ከእነዚህ ውስጥ ይበልጥ የታወቀው በስሕተት የተሰረዘን ፋይል መልሶ የሚያገኘው ነው። እንግዲህ የዚህ ሙያ አንዱ መነሻ ማፍጠን ወይም ማጽዳት ሳይሆን የጠፋን ማግኘት እንደነበረ ልብ ይሏል። ሲማንቴክ የተባለው ኩባንያ የኖርተንን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 ገዛ። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው ኤም.ኤስ. ዶስ 6.0 ውስጥ ከሲማንቴክ በፈቃድ ያገኘውን የተበታተነ ፋይል ማሰባሰቢያ አካተተ። ከዚያ ወዲህ ቀድሞ ለብቻቸው ይሸጡ ከነበሩት መገልገያዎች ብዙዎቹ የሥርዓተ ክወናው አካል ሆነዋል።

ከመገልገያው ጋር ግን ተስፋም ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ሶፍትራም የተባለ ፕሮግራም የኮምፒዩተርን ማኅደረ ትውስታ በእጥፍ ያሳድጋል ተብሎ ለገበያ ቀረበ፤ የተባለውን እንደማይፈጽም ግን በምርመራ ተደረሰበት፤ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽንም በ1996 በሻጩ ላይ እርምጃ ወሰደ። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ይኸው ኮሚሽን ባቀረበው ክስ ምክንያት ኦፊስ ዲፖ የተባለው የንግድ ድርጅትና የሥራ ሸሪኩ ሰፖርት ዶት ኮም በድምሩ 35 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። ክሱ እንደሚያብራራው፣ ደንበኛው ስለ ኮምፒዩተሩ ችግር ከቀረቡለት ጥቂት ጥያቄዎች በአንዱ ላይ ምልክት ካደረገ፣ «የጤና ምርመራ» የሚያደርገው ፕሮግራም የጎጂ ፕሮግራም ምልክት ተገኝቷል ብሎ ያስታውቅ ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ «ጤና» እና «ምርመራ» የሚሉት ቃላት የነበራቸውን ድርሻ ተርጓሚ ሊዘነጋው አይገባም። ሁለቱም ሰው በሐኪሙ ላይ ያለውን አመኔታ ወደ ማሽኑ ያሻግራሉ። ስካን ለሚለው ቃል «ምርመራ» ከማለት «ቅኝት» ማለት የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው። የሚቃኝ ሰው ዞሮ ያየውን ይናገራል፤ ፍርድ አይሰጥም፤ መድኃኒትም አያዝም።

2. መገልገያ፣ ጥገና፣ እንክብካቤ

ዩቲሊቲ ለሚባለው የፕሮግራም ዓይነት «አገልጋይ» የሚል አቻ ቢታሰብ፣ ቃሉ ሰርቨር ለሚባለው ኮምፒዩተር አቻ ሆኖ ስለሚሠራበት ግጭት ይፈጠራል። «መገልገያ» ግን «የቤት መገልገያ ዕቃ» ከሚለው አነጋገር የተነሣ ማንም የሚረዳው ነው። ራሱ የዋናው ሥራ ግብ ያልሆነ፣ ነገር ግን ሥራው እንዲካሄድ የሚያስፈልግ ነገር መሆኑንም ይገልጻል። ስለዚህ «መገልገያ ፕሮግራም» ይባል ዘንድ እንደግፋለን።

ሜንተናንስ ለሚለው ቃል በየመሥሪያ ቤቱ የተለመደው አቻ «ጥገና» ነው። ይሁን እንጂ «ጠገነ» የተሰበረውን መመለስ ነው፤ ወጌሻ የሚጠግነው የተሰበረ አጥንት እንጂ ደኅናውን እጅ አይደለም። የተበላሸ ኮምፒዩተርን መመለስና ደኅናው ኮምፒዩተር እንዳይበላሽ መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው «ጥገና»፣ ሁለተኛው «እንክብካቤ» ቢባል ልዩነቱ ይጠበቃል። ያልተሰበረ ነገር ይጠገን የሚል ማስታወቂያ ተጠቃሚውን ያለ ምክንያት ሊያስደነግጠው ስለሚችል፣ ልዩነቱ ከቃላት ጥራት ያለፈ ጥቅም አለው።

3. የስረዛ ግሶች

ዋናው ችግር የሚገኘው በዚህ ነው። በአማርኛ አንድን ፋይል እንዳይኖር ማድረግን ለመግለጽ አራት ግሶች ይሽቀዳደማሉ፤ ሰረዘ፣ አጠፋ፣ አስወገደ፣ ደመሰሰ። ከእነዚህ መካከል ለመምረጥ አስቀድሞ ኮምፒዩተሩ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ያስፈልጋል።

በዶስ ዘመን ኮምፒዩተሩ ፋይል ሲሰርዝ በዲስኩ ላይ ያለውን ይዘት አይነካም ነበር። በማውጫው ላይ የፋይሉን ስም የመጀመሪያ ፊደል በልዩ ምልክት ይተካል፤ ፋይሉ ይዞት የነበረውንም ቦታ ባዶ እንደሆነ አድርጎ በሠንጠረዡ ላይ ይመዘግባል። ሌላ ፋይል መጥቶ በላዩ እስኪጻፍበት ድረስ ይዘቱ እዚያው ይቆያል። የኖርተን መገልገያ የተሰረዘውን መልሶ ሊያገኝ የቻለው ስለዚህ ነው።

ይህን አሠራር ከግሶቹ ጋር ስናስተያይ «ሰረዘ» እጅግ የተስማማ ሆኖ እናገኘዋለን። ግሱ «ሰረዝ» ከሚለው ስም ጋር የተዛመደ ሲሆን፣ በተጻፈ ነገር ላይ መስመር ማሳለፍን ያመለክታል። ስሙ ከመዝገብ የተሰረዘ ሰው ከመዝገቡ ወጣ እንጂ አልሞተም። የተሰረዘ ፋይልም እንዲሁ ነው።

«ሰረዘ» ሌላ ትርጉም መያዙ ግን እክል ይፈጥራል። ቀጠሮ ይሰረዛል፤ ውል ይሰረዛል፤ ጉዞ ይሰረዛል። በዚህ ትርጉሙ ካንስል ለሚለው ትእዛዝ አቻ ሆኖ ሊመረጥ ይችላል። ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚከተል መገመት አያስቸግርም። «ፋይሉን መሰረዝ ይፈልጋሉ?» ለሚለው ጥያቄ በስተቀኝ «ሰርዝ»፣ በስተግራም «ሰርዝ» ተብሎ መልስ ይቀርባል። አንዱ ፋይሉን፣ ሌላው ትእዛዙን የሚሰርዝ መሆኑን ተርጓሚው ያውቃል፤ ተጠቃሚው ግን የሚያውቀው ከነካው በኋላ ነው። በመሆኑም ትእዛዝን ለመተው «ይቅር» የሚለውን ቃል መመደብና «ሰርዝ»ን ለፋይል ብቻ መጠበቅ ግዴታ ይመስለናል። «ይቅር» አጭር ነው፤ በንግግርም ዘወትር የምንጠቀምበት ነው።

«አጠፋ» ከዚህ የባሰ ድርብ ትርጉም አለው። መብራት ይጠፋል፤ ስልክ ይጠፋል፤ ሰነድም ይጠፋል። «ፀረ ቫይረሱን አጥፋ» የሚለው ትእዛዝ ለጊዜው አስቁመው ማለት ነው ወይስ ከኮምፒዩተሩ አውጣው ማለት ነው? አንባቢ ሊወስን አይችልም። ግሱ በመብራትና በስልክ ረገድ ስር ስለሰደደ፣ «አጥፋ» «አብራ» ለሚለው ተቃራኒ ብቻ ሆኖ ቢቀር ይሻላል።

«አስወገደ» የሚያስወግደውን ነገር ዕጣ አይናገርም፤ የተወገደው ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል ወይስ ጠፍቷል የሚለው ጥያቄ ክፍት ይቀራል። አንድን ፕሮግራም ከኮምፒዩተር ማውጣትን ለመግለጽ ከእርሱ ይልቅ «አራገፈ» ተመራጭ ነው። «ጫነ» እና «አራገፈ» ከጭነት ከብት ዘመን ጀምሮ ጥንድ ሆነው የኖሩ ናቸው፤ የተጫነ ፕሮግራም ይራገፋል ቢባል ማብራሪያ የሚጠይቅ የለም። ቃሉ ጭነቱ ወረደ ይላል እንጂ ባለ ጭነቱ ሀብቱን አጣ አይልም። በእርግጥም ፕሮግራሙ ሲራገፍ በእርሱ የተጻፉት ሰነዶች አብዛኛውን ጊዜ ባሉበት ይቀራሉ።

የቀረው «ደመሰሰ» ነው። በግእዝም «ደምሰሰ» ማጥፋትን፣ እንዳልነበረ ማድረግን ያመለክታል። በፋይሉ ላይ ሌላ ነገር እየጻፉ ይዘቱ ተመልሶ እንዳይገኝ የሚያደርጉ መገልገያዎች አሉ። ኮምፒዩተሩን ለሌላ ሰው ከማስተላለፍ በፊት ለዚህ ሥራ ይፈለጋሉ። ለእነዚህ ብቻ «ደምስስ» ማለት ተገቢ ነው። ቃሉ የያዘው ክብደት እዚህ ላይ ጉድለት ሳይሆን ጥቅም ነው፤ አንባቢው እጁን ሰብስቦ ሁለተኛ እንዲያስብ ያደርገዋል።

የማከማቻው ዓይነት ሲለወጥ በ«ሰረዘ» እና በ«ደመሰሰ» መካከል ያለው ርቀት እንደሚጠብ መጥቀስ ያስፈልጋል። የሚሽከረከር አካል በሌለው ማከማቻ ላይ ሥርዓተ ክወናው ፋይል ሲሰርዝ ትሪም በተባለ ትእዛዝ ቦታው ከእንግዲህ እንደማያስፈልግ ለማከማቻው ሊያስታውቅ ይችላል፤ ማከማቻውም በራሱ ጊዜ ያንን ቦታ ያጸዳል። ስለዚህ በዚህ ዓይነቱ ማከማቻ ላይ የተሰረዘን ፋይል መልሶ የማግኘት ተስፋ እጅግ ያነሰ ነው። ይህ ግን ስያሜውን አያስለውጥም። ስያሜው የትእዛዙ ነው፤ ውጤቱን ማስጠንቀቅ የማብራሪያው ፈንታ ነው።

4. «ማጽዳት» እና መዝገቡ

«ማጽዳት» ክሊን ለሚለው ቃል ቀጥተኛ አቻ ሆኖ ይታያል። ቤት ሲጸዳ የሚወጣው ቆሻሻ ነው፤ ዕቃው በቦታው ይቀራል። ስለሆነም «አጽዳ» የሚለው ቃል የሚወጣው ሁሉ ቆሻሻ መሆኑን አስቀድሞ ይፈርዳል። የጽዳት መገልገያዎች የሚሰርዙት ነገር ግን የተለያየ ነው። ሥራቸውን ጨርሰው የቀሩ ጊዜያዊ ፋይሎች አሉ፤ እነዚህ ቢሰረዙ የሚጎድል የለም። መሸጎጫ አለ፤ ይህ በቅርብ እንዲገኝ የተቀመጠ ቅጂ በመሆኑ ቢሰረዝ ኮምፒዩተሩ እንደገና እስኪያጠራቅም ድረስ ይዘገያል እንጂ አይፈጥንም። የተቀመጡ የይለፍ ቃላትም አሉ፤ እነዚህን ቆሻሻ የሚላቸው ማንም የለም።

ለዚህ ከዊንዶውስ ታሪክ አንድ ምሳሌ እናቅርብ። እ.ኤ.አ. በ2018 መገባደጃ ላይ የወጣው የዊንዶውስ 10 ዕትም፣ የዲስክ ጽዳት መገልገያው ከሚዘረዝራቸው ነገሮች መካከል ተጠቃሚው ከኢንተርኔት ያወረዳቸው ፋይሎች የሚቀመጡበትን ማኅደር ጨመረ። ተጠቃሚው ራሱ ምልክት ካላደረገበት ማኅደሩ አይነካም ነበር፤ ሆኖም በዝርዝሩ ላይ ያለው ሁሉ ጥራጊ ነው ብሎ ሁሉን ምልክት ማድረግ የለመደ ሰው ሰነዶቹን ሊያጣ ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ዕትም ማኅደሩ ከዝርዝሩ ወጥቷል። ስሕተቱን ያመቻቸው «ጽዳት» የሚለው አርእስት መሆኑን ለመረዳት አያዳግትም።

ስለዚህ «ጽዳት» በሰፊው የተለመደ ስለሆነ በመገልገያው አርእስትነት ይቆይ፤ ትእዛዝ በሚሰጥበት ቦታ ግን ድርጊቱና ተደራጊው ተለይተው ይጻፉ። «አጽዳ» ብቻ ከማለት «ጊዜያዊ ፋይሎችን ሰርዝ» ማለት ይገባል። ካሽ ለሚለው ቃል «መሸጎጫ» መመረጡ ግን የሚመሰገን ነው። ሰው ገንዘቡን በመቀነቱ የሚሸጉጠው ሲፈልገው ከእጁ እንዳይርቅ ነውና፣ ቃሉ አሠራሩን በትክክል ይገልጻል።

ሬጂስትሪ የሚባለው የዊንዶውስ ክፍል የሥርዓተ ክወናውና የፕሮግራሞቹ ቅንብር የሚመዘገብበት ነው። እርሱን «እናጸዳለን» የሚሉ ፕሮግራሞች በብዛት ተሽጠዋል። ማይክሮሶፍት በበኩሉ እንዲህ ላሉ ፕሮግራሞች ድጋፍ እንደማይሰጥ፣ ስሕተት ቢደርስ ሥርዓተ ክወናውን እንደገና እስከ መጫን ሊያደርስ እንደሚችል አስታውቋል። በዚህ ረገድ አማርኛ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ተጠቃሚውን የሚጠብቅ ቃል አለው። «መዝገብ» በአማርኛ ተናጋሪ ዘንድ የፍርድ ቤትና የመዝገብ ቤት ክብር ያለው ነው፤ ከመዝገብ ላይ ቅጠል የሚገነጥል ሰው አጸዳ አይባልም። ስለዚህ «የቅንብር መዝገብ» ብሎ መሰየም፣ ድርጊቱንም «ከመዝገብ መሰረዝ» ማለት፣ ተገቢውን ጥንቃቄ በቃሉ ውስጥ ያኖራል።

5. የተበታተነን ፋይል ስለ ማሰባሰብ

ፋይል በዲስክ ላይ የሚቀመጠው በትናንሽ ክፍሎች ተከፋፍሎ ነው። ተከታታይ ባዶ ቦታ ካልተገኘ ክፍሎቹ በተለያየ ስፍራ ይቀመጣሉ። በሚሽከረከር ዲስክ ላይ አንባቢው ራስ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው መጓዝና ዲስኩ ዞሮ እስኪደርስ መጠበቅ አለበት። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ አንዱን ዙር ለመጨረስ ከ8 ሺህኛ ሰከንድ ጥቂት የበለጠ ይወስድበታል። ይህ በአንድ ጊዜ ሲታይ ኢምንት ነው፤ በሺህ በሚቆጠሩ ክፍሎች ሲባዛ ግን ሰው የሚታዘበው መዘግየት ይሆናል። ክፍሎቹን ጎን ለጎን የሚያደርገው ሥራ ዲፍራግመንቴሽን ይባላል።

ለዚህ ሥራ የሚቀርቡት አቻዎች እያንዳንዳቸው እንቅፋት አላቸው። «ማጠጋጋት» በሒሳብ ትምህርት ቁጥርን ለማጠጋጋት ተይዟል። «ማቀጣጠል» ከ«ቀጠለ» ጋር ተዛምዶ ሊታሰብ ቢችልም አንባቢውን የሚያስታውሰው እሳትን ነው። «ማሰባሰብ» ብቻውን ሲሆን መረጃ ከየቦታው መልቀምን ያመለክታል። «መበታተንን ማስወገድ» ደግሞ የእንግሊዝኛውን አፍራሽ ቅጥያ ለመከተል ሲል የረዘመ ነው። እኛ የምንመርጠው «ብትን» የሚለውን ቅጽል ይዞ መነሣትን ነው። «ብትን ጨርቅ» እና «ብትን አፈር» በሚሉት አነጋገሮች ቃሉ የታወቀ ስለሆነ፣ «ብትን ፋይል» ማለት ይቻላል፤ ሥራውም «ብትን ማሰባሰብ» ይሆናል። «ብትን» የሚለው ቃል «ማሰባሰብ»ን ስለሚወስነው ከመረጃ መልቀም ጋር አይምታታም።

6. ማፍጠንና ማትባት

የሚሽከረከር አካል በሌለው ማከማቻ ላይ የሚጓዝ ራስ ስለሌለ፣ ብትን ማሰባሰብ የረባ ጥቅም ሳይሰጥ የመጻፍ አቅሙ የተወሰነውን ማከማቻ ያለ ፍሬ ያደክማል። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ዊንዶውስ 8 የመገልገያውን ስም ለውጦ ኦፕቲማይዝ የሚለውን ቃል አመጣ። መገልገያው የማከማቻውን ዓይነት ለይቶ ለአንዱ ብትን ይሰበስባል፤ ለሌላው የትሪምን ትእዛዝ ይልካል። እንግዲህ በአንድ አዝራር ሥር ሁለት ድርጊቶች ሲኖሩ፣ ድርጊቱን ግለጥ የሚለው መመሪያችን ሰፋ ያለ ቃል መፍቀድ አለበት።

ለዚህ ሰፊ ቃል «ማሻሻል» አይስማማም፤ የፕሮግራምን አዲስ ዕትም መጫንም ማሻሻል ይባላልና። በአንዳንድ የእጅ ስልኮች ገጽ ላይ የሚታየው «ማትባት» የተሻለ ነው። «ተባ» ስል መሆንን ያመለክታል፤ ብዕሩ የተባ ደራሲ እንደምንለው ነው። ቢላዋን የሚስል ሰው የዶለዶመውን ወደ ስለቱ ይመልሰዋል እንጂ ሌላ ቢላዋ አያደርገውም። የመንከባከቢያ ፕሮግራም አቅምም ከዚህ አያልፍም።

«ማፍጠኛ» የሚለው ስያሜ ግን የተስፋ ቃል ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች አንጎለ ኮምፒዩተሩን ፈጣን አያደርጉትም፤ የሚያደርጉት ሸክሙን መቀነስ ነው። ከኮምፒዩተሩ ጋር አብረው የሚነሡትን ፕሮግራሞች ቁጥር ሲቀንሱ የመነሻው ጊዜ ያጥራል፤ ሊሞላ የተቃረበ ዲስክ ላይ ቦታ ሲያስለቅቁ ሥራው ይቃናል። ስለዚህ «ሸክም ማቃለያ» ቢባሉ «ጫነ» እና «አራገፈ» ከሚሉት ጋር አንድ ቤተሰብ ይሆናሉ፤ ከአቅማቸው በላይም አያስመኩም።

7. የትእዛዝ አጻጻፍ

በመጨረሻ ስለ አጻጻፍ ሁለት ነጥቦችን እናንሣ። የመጀመሪያው የአክብሮት ጉዳይ ነው። በአዝራር ላይ የተጻፈው ትእዛዝ ተጠቃሚው ለማሽኑ የሚሰጠው ነውና «ሰርዝ» ብሎ በነጠላ መጻፍ ነውር የለበትም። ማሽኑ ተጠቃሚውን ሲጠይቅ ግን «እርግጠኛ ነዎት?» ማለት ይገባዋል። ሁለቱን አቅጣጫዎች ሳይለዩ በአንድ መልክ መተርጎም ወይ ድፍረት ወይ ግራ መጋባት ያስከትላል።

ሁለተኛው የቃላት ተራ ነው። በእንግሊዝኛ የትእዛዝ ግስ ይቀድማል፤ በአማርኛ ግን ግስ ማሰሪያ በመሆኑ መጨረሻ ላይ ይውላል። ቦታው ጠቦ ጽሑፉ ሲቆረጥ በእንግሊዝኛ የሚቀረው ግሱ ሲሆን፣ በአማርኛ የሚቆረጠው ራሱ ግሱ ነው። «ያወረዷቸውን ፋይሎች…» የሚል አዝራር ክፈት ይበል ወይም ሰርዝ ይበል አይታወቅም። በእንዲህ ያለ ጠባብ ቦታ «ስረዛ፦ ያወረዷቸው ፋይሎች» ብሎ የድርጊቱን ስም ማስቀደም አደጋውን ያስወግዳል።

8. ለውይይት የቀረቡ ስያሜዎች

ዩቲሊቲ፦ መገልገያ ፕሮግራም
ሜንተናንስ፦ እንክብካቤ
ሪፔር፦ ጥገና
ስካን፦ ቅኝት
ካንስል፦ ይቅር
ዲሊት፦ መሰረዝ፣ ስረዛ
ዋይፕ፦ መደምሰስ
አንኢንስቶል፦ ማራገፍ
ተርን ኦፍ፦ ማጥፋት
ካሽ፦ መሸጎጫ
ሬጂስትሪ፦ የቅንብር መዝገብ
ዲፍራግመንቴሽን፦ ብትን ማሰባሰብ
ኦፕቲማይዜሽን፦ ማትባት
ስፒድ አፕ ፕሮግራም፦ ሸክም ማቃለያ

ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ በሥራ ላይ የዋሉ፣ አንዳንዶቹም አሁን የቀረቡ ናቸው። በልማድ የጸኑትን ያለ በቂ ምክንያት መለወጥ አይገባም፤ ለ«ይቅር»፣ ለ«ሰርዝ» እና ለ«ደምስስ» የተሰጠው ድንበር ግን በሁሉም ተርጓሚ ዘንድ በአንድነት ቢጠበቅ እንመክራለን። ሌሎቹ ስያሜዎች ቢለዋወጡ ተጠቃሚው ጥቂት ይደናገራል፤ እነዚህ ሦስቱ ቢምታቱ ግን የዓመታት ሥራውን በአንድ ንክኪ ሊያጣ ይችላል። የሥነ ቃላት ባለሙያዎችና ተርጓሚዎች በሥራቸው ያጋጠማቸውን አማራጭ ቢያቀርቡ ውይይቱ ይዳብራል።